በቀላይ ስለሚኖሩ ሽሪምፖችና በአይሻ አጠገብ ስለሚቆመው መንገዳቸው

አይሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬ ዳዋ በሚወጣው የምድር ባቡር መንገድ ላይ ያለች የሱማሌ ክልል ከተማ ናት። የቀድሞው ሐዲድ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬ ዳዋ ሲደርስ፤ ስሟ በነጋዴዎችና በመንገደኞች ዘንድ ታወቀ። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ነገር ግን የዚህች ከተማ ስም በባቡር መዝገብ ብቻ የተጻፈ አይደለም። የምድርን አሠራር የሚመረምሩ ሊቃውንት፤ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ የቀረውን ጥንታዊ ምድር «የአይሻ ብሎክ» እያሉ ይጠሩታል። በአጠገቡ ያለው አገር ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ እርሱ እንደ ደሴት ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ በላዩም ከጥንት ባሕር ወለል የተረፈ የኖራ ድንጋይ ይገኛል።

የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ድንጋዩ አይደለም፤ ከዚህ ምድር ደጃፍ ደርሶ በሚያልቅ የባሕር ውስጥ ሸንተረር ላይ ስለሚኖር አንድ ትንሽ ፍጥረት ነው። ይህም ፍጥረት ፈረንሳዮች ክሬቬት፤ እንግሊዞች ሽሪምፕ የሚሉት ነው። ዐሥር እግር ያለው፤ እንደ ጥሩር የጠነከረ ቅርፊት የለበሰ፤ ቁመቱ ከሰው ጣት የማይበልጥ የባሕር እንስሳ ነው። በባሕር ዳር አገሮች ለምግብ የሚሆነውን ወገን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኛ የምንናገርለት ወገን ግን የፀሐይ ብርሃን ፈጽሞ ከማይደርስበት ከሁለትና ከሦስት ሺህ ሜትር በታች፤ ከባሕር ወለል በሚፈልቅ ፍል ውሃ አፍ ላይ ይኖራል። የት እንደሚኖርና የት እንደማይኖር ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፤ መልሱ ይህ ነው፤ የዚህ ፍጥረት መኖሪያ ካርታ የባሕሮች ታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ከመጽሐፉም አንዱ ገጽ የሚነበበው በእኛ ደጃፍ ነው።

አስቀድመን ሰዎች ስለ ቀላይ የነበራቸውን አሳብ እንመልከት። በ1843 ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በኤጌ ባሕር ካደረገው ምርመራ ተነሥቶ፤ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት ያለው ነገር አይገኝም የሚል አሳብ አቀረበ። ወደ ጥልቁ በወረደ ቍጥር የሚያገኘው እንስሳ እያነሰ ስለ ሄደ፤ ከዚያ በታች ፈጽሞ የለም ብሎ ገመተ። ይህንንም አሳብ ብዙዎች ተቀበሉት። ከ1872 እስከ 1876 ግን ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ዓለምን ዞራ ብዙ ሺህ ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት ሕያዋን ፍጥረቶችን አወጣች፤ የፎርብስም ግምት ወደቀ። ያም ሆኖ ሌላ ግምት ቀረ፤ በቀላይ የሚኖር ሁሉ ፀሐይ በምትደርስበት በላይኛው ውሃ ከሚዘንብለት ፍርፋሪ በቀር ምግብ የለውም፤ ስለዚህ በዚያ ያለው ሕይወት ጥቂትና ደካማ ነው ተባለ።

ይህም ሁለተኛው ግምት በ1977 ፈረሰ። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር አልቪን የተባለችው የአሜሪቃ ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ በጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ ወደ 2,500 ሜትር ወረደች። የሄዱት ሰዎች የምድርን አሠራር የሚመረምሩ እንጂ የእንስሳ ነገር የሚያጠኑ አልነበሩም፤ የፈለጉትም ከባሕር ወለል የሚፈልቀውን ሙቅ ውሃ ነበር። ውሃውን አገኙት፤ በዙሪያው ግን ያልጠበቁትን አዩ፤ ትልልቅ ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎሎችና ቀይ ራስ ያላቸው ረጃጅም ትሎች እንደ አትክልት ቦታ ተጨናንቀው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1979 በሜክሲኮ አንጻር በፓሲፊክ ወለል ላይ ጥቁር ጢስ የመሰለ ውሃ የሚተፉ የድንጋይ ጢስ ማውጫዎች ተገኙ፤ የውሃውም ሙቀት ከ350 ዲግሪ በላይ ነበር።

የዚህ ፍል ውሃ አሠራር እንዲህ ነው። የባሕር ወለል በተሰነጠቀበት ቦታ ቀዝቃዛው የባሕር ውሃ ወደ ምድር ውስጥ ይሰርጋል፤ ከታች የቀለጠው ድንጋይ ሲያግለው ከዐለቱ ብረትና መዳብ፤ ዚንክና ድኝ እያሟሟ ተመልሶ ይወጣል። በምድር ላይ ቢሆን በዚህ ሙቀት ተንኖ በጠፋ ነበር፤ በላዩ ያለው የባሕር ክብደት ግን እንዳይፈላ ይጫነዋል። ሁለት ዲግሪ ያህል ከሚሆነው ከቀላይ ውሃ ጋር በተገናኘ ጊዜ የተሸከመውን ማዕድን ይጥላል፤ የወደቀውም ማዕድን ቀስ በቀስ ጢስ ማውጫ ሆኖ ይቆማል። በዚያም ቦታ ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን ተሐዋስያን ከድኙና ከሌላውም ቅመም ኃይል እያወጡ ምግብ ይሠራሉ። በምድር ላይ ሣር ከፀሐይ ብርሃን የሚሠራውን፤ እነርሱ በጨለማ ውስጥ ከምድር ቅመም ይሠራሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሽሪምፑ ደረስን። በ1985 ፒተር ሮና የተባለ አሜሪቃዊ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል፤ ታግ በተባለው ስፍራ፤ 3,600 ሜትር ያህል በሚጠልቅ ወለል ላይ የመጀመሪያውን የአትላንቲክ ጥቁር ጢስ አገኘ። በዚያ የፓሲፊኩ ቀይ ትል አልነበረም፤ በእርሱ ፋንታ ጢስ ማውጫውን እንደ ንብ መንጋ የከበበ የሽሪምፕ ሠራዊት ነበር። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ተደራርበው ይገኛሉ። በ1986 ኦስቲን ዊልያምስና ሮና ይህን ፍጥረት ሪሚካሪስ ኤክሶኩላታ ብለው ሰየሙት። ሪማ በላቲን ስንጥቅ ማለት ነው፤ ካሪስ በግሪክ ሽሪምፕ ነው፤ ኤክሶኩላታ ደግሞ ዐይኑ የጠፋ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ሲፈታ «ዐይን የሌለው የስንጥቅ ሽሪምፕ» ይሆናል። ይህንም ያሉት፤ ሌላው ሽሪምፕ ሁሉ በግንባሩ ላይ በዘንግ የተሸከመው ዐይን በእርሱ ዘንድ ስላልተገኘ ነው።

ነገር ግን በቅኔ ቤት እንደሚባለው ሰሙን ይዞ የቀረ ወርቁን አላገኘም። በዚህ ሽሪምፕ ጀርባ፤ ከቅርፊቱ በታች፤ የሚያንጸባርቁ ሁለት ሰፋፊ ነጣ ያሉ ቦታዎች ነበሩ። ሲንዲ ቫን ዶቨር የተባለች ሊቅ እነዚህን ተከታትላ ከጓደኞቿ ጋር አስመረመረቻቸው፤ በውስጣቸውም በእንስሳት ዐይን ውስጥ ብርሃንን የሚቀበለው ሮዶፕሲን የተባለው ቀለም በብዛት ተገኘ። ይህም በ1989 ታትሞ ወጣ። ዐይኑ አልጠፋም፤ ከግንባሩ ወደ ጀርባው ሄዷል እንጂ። ምስል የሚስልበት መስተዋት የለውም፤ እጅግ ደካማ ብርሃን ለመቀበል ግን የተሠራ ነው። በዚያ ጨለማ ምን ብርሃን አለ ተብሎ ሲጠየቅ፤ በ1988 ረቂቅ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዛ የወረደችው አልቪን የፍል ውሃው አፍ ራሱ ለሰው ዐይን የማይታይ ደካማ ብርሃን እንዳለው አሳየች። ሽሪምፑ በዚህ ብርሃን ፍል ውሃውን ከሩቅ ያውቃል፤ ከሚያቃጥለውም ይጠበቃል ብለው ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ። የሚኖርበት ውሃ ከሠላሳ ዲግሪ ብዙ አያልፍም፤ ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ ያለው ግን ሥጋውን በቅጽበት የሚያበስል ነው።

ምግቡም ድንቅ ነው። ባክቴሪያዎቹን በጕንጩና በአፉ ዙሪያ ባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ያረባቸዋል፤ እነርሱ የሚሠሩት ምግብ ወደ ሰውነቱ ይገባለታል። ከፍል ውሃው አጠገብ እየተጋፋ የሚቆመውም ራሱን ሊያሞቅ ሳይሆን ለእነርሱ ድኝና ሌላውን ቅመም ሊያቀርብ ነው። ስለዚህ አንድ ፍል ውሃ ቢደርቅ በዚያ ያለው መንጋ ሁሉ ይጠፋል። ታዲያ ዘሩ እንዴት ቀረ ቢሉ፤ እጩ በፍል ውሃው አጠገብ አይኖርም፤ ወደ ሰፊው ባሕር ወጥቶ በመካከለኛው ውሃ እየተንሳፈፈ ከላይ የሚወርደውን ምግብ እየበላ ያድጋል። በዚህ ጊዜ እንደ ሌላው ሽሪምፕ ዐይኑ በግንባሩ ነው፤ ሌላ ፍል ውሃ አግኝቶ ሲሰፍር ግን ያ ዐይን ይለወጣል። የውሃው ፈሳሽ እጩን እጅግ ሩቅ ስለሚያደርሰው፤ በአትላንቲክ ሸንተረር ላይ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ያሉት መንጋዎች በዘራቸው አንድ ሕዝብ ያህል ሆነው ተገኝተዋል።

ከዚህ በኋላ የሊቃውንቱ ጥያቄ፤ ይህ ወገን እስከ የት ደርሷል የሚል ሆነ። በነሐሴ ወር 2000 ጃፓኖች በህንድ ውቅያኖስ መካከል፤ ሦስት የምድር ሰሌዳዎች በሚጋጠሙበት በሮድሪጌስ አጠገብ፤ በ2,450 ሜትር ገደማ ጥልቀት ፍል ውሃ አገኙ፤ በመርከባቸውም ስም ካይሬይ አሉት። በላዩ የሰፈረው መንጋ የአትላንቲኩን እጅግ ይመስል ነበር፤ በ2002 ሪሚካሪስ ካይሬይ ተብሎ ተሰየመ። በ2010 ደግሞ በካሪብ ባሕር በኬይማን ገደል፤ እስከ አምስት ሺህ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ሌላ ፍል ውሃ ተገኘ፤ በዚያ የነበረው ሽሪምፕ በ2012 ሪሚካሪስ ሂቢሴ ተባለ። በደቡብ ምዕራብ የህንድ ውቅያኖስ ሸንተረር ላይም የካይሬዩ ሽሪምፕ ታይቷል። ካርታውን ዘርግቶ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ግልጥ ነው፤ የባሕር ውስጥ ሸንተረሩ ከአትላንቲክ ተነሥቶ አፍሪቃን በደቡብ ዞሮ በህንድ ውቅያኖስ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ሽሪምፑም ይህንኑ የእሳት መንገድ እየተከተለ፤ ከአንዱ ፍል ውሃ ወደ አንዱ እየተሻገረ ሰፍሯል።

የመንገዱ ፍጻሜ ወዴት ነው? ሸንተረሩ ከህንድ ውቅያኖስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ ካርልስበርግ የሚባለውን ክፍል ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ በታጁራ በኩል እየጠበበና ጥልቀቱ እያነሰ ሄዶ በአሳል ሐይቅ አጠገብ ከባሕር ወደ የብስ ይወጣል። በሌላው ወገን ደግሞ የቀይ ባሕር ስንጥቅ ከሰሜን ይመጣል፤ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ከደቡብ ይመጣል፤ ሦስቱም በአፋር ይገናኛሉ። የአይሻ ብሎክ የዚህ መገናኛ አንዱ ጠርዝ ነው። በሌላው ዓለም ከሁለት ሺህ ሜትር ውሃ በታች የተሰወረው ሥራ በዚህ አገር በዐይን ይታያል። በ1978 በኅዳር ወር በአሳል አጠገብ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ምድሩ በሁለት ሜትር ገደማ ሰፋ። በ2005 በመስከረም ወር በአፋር በዳባሁ በኩል 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንዱ ቦታ ስፋቱ እስከ ስምንት ሜትር ደረሰ። ከአይሻም በሰሜን ምዕራብ፤ አዋሽ በሚያልቅበት በአቤ ሐይቅ ዳር፤ ብዙ ሜትር ከፍታ ያላቸው የኖራ ድንጋይ ጢስ ማውጫዎች በተራ ተሰልፈው ቆመዋል። እነዚህ ሐይቁ ከዛሬው ሰፍቶና ጠልቆ በነበረበት ዘመን፤ ከስንጥቁ የወጣ ፍል ውሃ ከሐይቁ ውሃ ጋር ሲገናኝ በውሃ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የቀላዩን ጢስ ማውጫ ማየት ለሚወድ ሰው፤ ማዕድኑ ቢለይም አሠራሩን የሚያስረዳው ምሳሌ በየብስ ላይ ቆሞለታል።

እንግዲህ እሳቱም ፍል ውሃውም በእኛ ዘንድ ካለ፤ ሽሪምፑስ ወዴት ነው? በቀይ ባሕር እንፈልገው። በመጻሕፍቶቻችን ባሕረ ኤርትራ የሚባለው ይህ ባሕር በቀላይ ፍል ውሃ ታሪክ ከጋላፓጎስ ይቀድማል። በ1948 አልባትሮስ የተባለችው የስዊድን መርከብ በወለሉ አጠገብ ያልተለመደ ሙቀትና ጨው አስተዋለች። በ1964 ዲስከቨሪ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከሁለት ሺህ ሜትር በታች 44 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ቀዳች፤ በ1965 የአሜሪቃዋ አትላንቲስ ሁለተኛ 56 ዲግሪ የሚሆን አገኘች፤ ጕድጓዱም በስሟ ተጠራ። ይህ ውሃ ከተለመደው የባሕር ውሃ ሰባት እጥፍ ያህል ጨው አለው፤ አየርም ስለሌለው እንስሳ አይኖርበትም። ከጨው ጕድጓዶቹ ውጭ ግን በሃቲባ የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ላይ ሰፊ የፍል ውሃ መስክ መገኘቱ በ2023 ታትሞ ተነገረ። በዚያም ዝገት የመሰለ የብረት ክምርና የባክቴሪያ ምንጣፍ ታየ። ምግቡ ቀርቦ ነበር፤ በአትላንቲክና በህንድ ውቅያኖስ የሚታየው የሽሪምፕ መንጋ ግን አልነበረም።

የዚህም ምክንያት በሩ ነው። ቀይ ባሕር በውስጡ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ በባብ ኤል መንደብ በኩል ግን በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው መግቢያ 137 ሜትር ብቻ ነው። ይህ ደፍ የውቅያኖሱን ቀዝቃዛ የቀላይ ውሃ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ስለዚህ በሌላው ባሕር ወለል ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ የሆነው ሙቀት በቀይ ባሕር ወለል 21 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። በብርድና በጥልቅ የለመደ ፍጥረት ወደዚህ ሊመጣ ቢወድ በዝቅተኛውና በሞቀው ውሃ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ይህም አልበቃ ብሎ ከዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ በፊት፤ በዓለም ሰሜንና ደቡብ በረዶ በበዛበት ዘመን፤ የባሕር ከፍታ ከ120 ሜትር ያላነሰ ወረደ። መግቢያው ቀጭን ቦይ ሆነ፤ የቀይ ባሕር ጨው እጅግ በረታ፤ በላይኛው ውሃ ይንሳፈፉ የነበሩት ረቂቃን ፍጥረቶች እንኳ ብዙዎቹ ጠፉ፤ ቅርፊታቸው በዚያ ዘመን ደለል ውስጥ አለመገኘቱ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚያ በፊት አንድ የቀላይ ወገን ገብቶ ቢሆን እንኳ ያን ዘመን ያልፈዋል ማለት አስቸጋሪ ነው።

በአይሻና በሺኒሌ ሜዳ ግመል የሚነዱ ሰዎች ይህን ነገር ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ውሃ ያለበት ጕድጓድ ሁሉ መንጋ አይሰማራበትም፤ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ያለው ርቀት ግመሉ ከሚችለው ከበለጠ፤ ጕድጓዱ ቢሞላም ባዶ ይቀራል። ሽሪምፑም እንዲሁ ነው። ፎርብስ «የለም» ባለ ጊዜ ያልፈለገበትን ቦታ ባዶ አደረገው፤ ስም አውጪዎቹም «ዐይን የለውም» ባሉ ጊዜ ግንባሩን እንጂ ጀርባውን አልመረመሩም። በቀይ ባሕር የታየው ባዶነት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ መንገዱ ተፈልጎ፤ በሩ ተለክቶ፤ የቀድሞው ዘመን ደለል ተመርምሮ ምክንያት የተገኘለት ነው። አንድ ፍጥረት በአንድ ስፍራ አለመኖሩ ምግብ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ የባሕሩ ታሪክ ስላላሳለፈውም ይሆናል።

ይህ ነገር ዛሬ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ፍል ውሃው የጣለው መዳብና ዚንክ፤ ወርቅና ብር የብዙ መንግሥታትን ዐይን ስቧል። ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ የቀይ ባሕሩን ማዕድን በአንድነት ለመመርመር በ1974 ተዋዋሉ። ለውቅያኖሱ ወለል የቆመው፤ መቀመጫው በጃማይካ በኪንግስተን የሆነው ዓለም አቀፍ ባለ ሥልጣን፤ ይህን ማዕድን የሚፈልጉበትን ውል በህንድ ውቅያኖስ ለቻይና በ2011፤ ለጀርመን በ2015፤ ለህንድ በ2016 ፈርሟል፤ በአትላንቲክ ሸንተረር ላይም ለሩሲያ በ2012፤ ለፈረንሳይ በ2014 ፈርሟል። በካይሬይ ከሽሪምፑ ጋር ጎረቤት ሆኖ የሚኖር፤ እግሩን በብረትና በድኝ ቅርፊት ያለበሰ ቀንድ አውጣ አለ። በ2019 ይህ ቀንድ አውጣ ከባሕር ወለል ማዕድን ቍፋሮ የተነሣ የመጥፋት አደጋ አለባቸው በተባሉት መዝገብ ከሁሉ አስቀድሞ ገባ።

ማዕድን የሚያሻቸው ሰዎች ምክንያት ከንቱ ነው አንልም፤ መዳብ ለመብራት መሥመርና ለመሣሪያ ሁሉ የሚያስፈልግ ነው፤ ድሃ አገርም ሀብቱን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን አንድ የፍል ውሃ መስክ ብዙ ጊዜ ከአንድ ትልቅ የገበያ ሜዳ የማይሰፋ ነው፤ በመካከላቸውም ያለው ርቀት በመቶ ኪሎ ሜትር ይቈጠራል። እጩ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገረው መካከለኛው መንደር ካለ ነው። ከሰንሰለቱ ጥቂት ቀለበት ቢወጣ፤ ያልተነካው ወዲያና ወዲህ ተለያይቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የትኛው መስክ ለየትኛው ዘር እንደሚያወርስ ሳይታወቅ መቍረጥ፤ የርስቱን ሐረግ ሳይጠይቁ ርስት እንደ መሸጥ ነው።

የሐኒሽ ደፍ ሽሪምፑን ከቀይ ባሕር ውጭ ያስቀረው በብዙ ሺህ ዓመት ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ለሚጠይቅ ሁሉ በደለሉ ተጽፎ ይገኛል። የሰው እጅ በጥቂት ዓመት የሚያጠፋው መንጋ ግን ቀድሞ በዚያ እንደ ነበረ የሚመሰክርለት ካርታና መዝገብ ካልተዘጋጀ፤ በኋላ የሚመጣ መርማሪ ባዶውን ባሕር አይቶ እንደ ፎርብስ «ከጥንትም አልነበረም» ይላል። ከቍፋሮው በፊት ቈጠራው፤ ከውሉም በፊት ካርታው መቅደም ያለበት ስለዚህ ነው።